በቀትር የጠራት ድምፅ

"ወለተ ሰንበት!"

አዳነች የምትጨምቀው አንሶላ ከእጇ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ተመልሶ ወደቀ። ቀትር ነው። መብራት ከጠፋ ሰዓት አልፎታል። የካርቲየ ሁለት ሰፈር ማራገቢያዎች ሁሉ ቆመዋል፤ ወንዶቹም ጫታቸውን ይዘው ገብተዋል። ሰፈሩ ሰው የኖረበት አይመስልም።

"ወለተ ሰንበት..."

ይህን ስም ጅቡቲ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። የክርስትና ስሟ ነው። በዚህ ስም ትጠራት የነበረችው እናቷ ብቻ ናት፤ እሷም ከሞተች ስድስት ዓመት አልፏታል። አዳነች የጀርባዋ ላብ ሲቀዘቅዝ ተሰማት። በቀትር ለጠራሽ ድምፅ አቤት አትበዪ፣ ሦስት ጊዜ ካልጠራ ሰው አይደለም እያሉ ነው ያሳደጓት። አማተበችና ጠበቀች። ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ።

ወደ ግቢው ወጣች። አከራይዋ ሳፊያ፣ የድሬዳዋዋ ነጋዴ፣ በረንዳው ጥላ ላይ ጋደም ብላለች።

"ሳፊያ፣ ማን ነው የጠራኝ?"

"እዚህ ማን አለና? ያቺ የናንተዋ ልጅ እንኳ ከትናንት ጀምሮ አልወጣችም።"

"ፀደይን ነው? እሷ የኛ አይደለችም። ጴንጤ ናት።"

"ወላሂ ይሄ ነገራችሁ አይገባኝም" አለች ሳፊያ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ሁለታችሁም ክርስቲያን አይደላችሁ?"

አዳነች ወደ ፀደይ በር አመራች። ፀደይ ከጎኗ ያለውን ክፍል ከተከራየች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የሚለያቸው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። ፀደይ መዘመር ስትጀምር አዳነች የስልኳን መዝሙር ከፍ ታደርጋለች። ልጅቷ "እንዴት አደርሽ፣ እትዬ አዳነች" ስትላት፣ በሆዷ "መናፍቅ" ብላ ፊቷን አዙራ ታልፋለች።

የፀደይ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረገችው። ጨለማው ውስጥ ልጅቷ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተዘርግታ፣ ዓይኖቿ ፈጠው ጣሪያውን ያያሉ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ወለተ ሰንበትን አስባት... ወገቧን ፈውስላት..."

አዳነች ልትሮጥ ነበር። የወገቧን ሕመም ከአምላኳ በቀር ለማንም ተናግራ አታውቅም። ግን የልጅቷ እጅ ከፍራሹ ወርዶ ወለሉን ሲመታ ሰማች። የደከመ ሰው እጅ ነው። ገባች። ግንባሯን ስትነካት እንደ ፍም ይፋጃል።

ሳፊያን ጮኻ ጠርታ ታክሲ እንድትጠራ ነገረቻት። ሻሿን ከራሷ ፈትታ ውሃ ነከረችና ግንባሯ ላይ አደረገችላት። በማንኪያ ውሃ ስታጠጣት ከቆየች በኋላ፣ የፀደይ ዓይን ሰው መለየት ጀመረ።

"ስሜን ማን ነገረሽ?" አለቻት አዳነች።

"ራስሽ ነሻ፣ እትዬ። ጠዋት ጠዋት ስትጸልዪ ይሰማኛል። ባሪያህን ወለተ ሰንበትን አስብ ትያለሽ። ወገቤን ማርልኝ ትያለሽ።"

"እና አንቺ ለኔ ትጸልያለሽ?"

"እዚህ ሌላ ዘመድ የለኝም።" ልጅቷ ትንፋሿን ሰበሰበች። "አንቺ የሁሉን ስም ትጠሪያለሽ። የወንድሞችሽን፣ የአሠሪዎችሽን፣ የሳፊያን እንኳ። አንድ ቀን የኔንም ትጠሪ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ለጥፌ እሰማ ነበር።"

አዳነች ሻሹን እንደገና ውሃ ነክራ ግንባሯ ላይ መለሰችው። ይህን ሁሉ ጊዜ ከኮምፔንሳቶው ማዶ አንድ ጆሮ ስሙን እየጠበቀ መኖሩን ስታስብ፣ ከቀትሩ ድምፅ ይልቅ ይሄ አስፈራት።

ስልኳ ጮኸ። የጽዋ ማኅበራቸው ሰብሳቢ እንቁ ናት።

"የት ቀረሽ? ጸበል ጻዲቁ ተዘጋጅቶ አንቺን እየጠበቅን ነው።"

"አልመጣም። ሰው ታሞብኛል።"

"ማን?"

"ፀደይ።"

"ያቺ ጴንጤዋ?"

ከውጭ የታክሲ ጡሩምባ ተሰማ። አዳነች ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ፣ ፀደይን በብብቷ ደግፋ አነሳቻት።

"አዎ፣ እሷው። ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው። ስትጨርሱ ሁላችሁም መጥታችሁ ጠይቋት። ባዶ እጃችሁንም እንዳትመጡ" አለችና መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።