ከአንድ ዲግሪ በላይ

ሳያውቅ ያሳሳተ ሰው ምሕረት ይገባዋል፤ ዐውቆ የሸሸገ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ይበድላል። ኮከብ ቆጣሪው ይህን ቃል ለሌሎች ሲናገር ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። በራሱ ላይ ሲፈጸም ያየው ግን በአንድ ማክሰኞ ቀን ነው።

ሴትዮዋ ገና ሳትቀመጥ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በአራት ታጥፎ የኖረ፥ እጥፋቱ የሳሳ የልደት ሠንጠረዥ ነበር። ክቡም፥ ዐሥራ ሁለቱ ክፍሎችም፥ ከጨረቃዋ ምልክት አጠገብ በቀይ ቀለም የተጻፈው ማስጠንቀቂያም የገዛ እጁ ጽሑፍ ነበሩ።

«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የሰጡኝ ነው» አለች። «ጥልፍ ዓይንሽን ያጠፋዋል፥ ተዪው አሉኝ፤ ተውኩት። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። ትናንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ የጉንዳን እግር የምታክለዋን የመጨረሻዋን መስመር ሳይቀር አነበብኩለት። ‹ይህን ዓይን ከየት አመጣሽው?› ብሎ ሳቀብኝ።»

«እሰየው! ታዲያ ምን ከፋሽ?»

«እንዴት አይከፋኝ ጋሼ? የድሮ አሠሪዬ ወደ ጥልፍ ቤቱ ተመለሽ እያለችኝ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልመጣሁ ቦታውን ለሌላ ትሰጠዋለች። ከሐኪሙና ከኮከቡ ማንን ልመን?»

በመስኮቱ ሥር ስሌት የምትሠራለት ሴት ልጁ እርሳሷን አቆመች። እሱ አልዞረም፤ የእርሳሱ ዝምታ ግን ጀርባው ላይ ተሰማው።

ከመምህሩ የተማረው እንዲህ ነበር፦ ፕላኔቶች እንደ እንግዳ ይመጣሉ፥ ይሄዳሉ፤ ቋሚ ከዋክብት ግን በስፍራቸው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰው ሲወለድ ጨረቃ ከነበረችበት ስፍራ በአንድ ዲግሪ ውስጥ ካልሆኑ በቀር አንዳች አይናገሩም። ከቋሚዎቹ መካከል ተጠጋግተው የሚኖሩት ሰባቱ ከዋክብት በሰማይ ላይ እንደ ጉም ስለሚታዩ፥ የጥንት ተርጓሚዎች የዓይን መፍዘዝን ለእነርሱ ሰጥተዋል። ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የዘነጋው አንድ ነገር ነው፤ ቋሚ የተባሉትም በሰባ ሁለት ዓመት አንድ ዲግሪ ይንሸራተታሉ። ከመምህሩ የወረሰው የከዋክብት ዝርዝር ሴትዮዋ ከመወለዷ መቶ ዓመት በፊት የተሰናዳ ነበር፤ እሱም እንዳለ ገልብጦታል። በዚያ ዝርዝር ጨረቃዋ ከሰባቱ ከዋክብት የምትርቀው ሩብ ዲግሪ ብቻ ነው። በእውነት ግን በተወለደችበት ቀን ርቀቱ ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ ነበር። ኮከቡ ለዚህች ሴት የሚነግራት አንድም ቃል አልነበረውም።

ልጁ ይህን ያሳየችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ለአዲስ ባለጉዳይ በአዲሱ ዝርዝር ይሠራል። ስለ ቀደሙት ስትጠይቀው ግን «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ብሎ አፏን አስያዛት።

አሁን ሁሉም አናደደው። ሳያስጠነቅቀው የሞተው መምህሩ፥ አርፎ መቀመጥ ያቃተው ሰማይ፥ ከሁሉ ይልቅ ይህች ሴት። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ወረቀት በዓመቱ ይጥለዋል፤ እሷ ምን ሆና ነው እንደ ርስት ማስረጃ ያኖረችው? ኮምፓሱን አነሣና የሚለካ መሰለ።

«አባዬ፥» አለች ልጁ ዝግ ብላ፥ «አዲሱን ዝርዝር ላምጣልህ?»

«አያስፈልግም።»

«እዚሁ አጠገቤ ነው እኮ።»

«አያስፈልግም አልኩሽ!»

ሴትዮዋ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። ከዚያም መዳፏን ዘረጋችለት። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል።

«ይኸውልዎ፤ ትናንት ሐር ክር ገዝቼ ሞከርኩ። ጣቴ ላይ እየተያዘ ይበጠሳል። በረኪናው ቆዳዬን በልቶታል። ዓይኔን ስጠብቅ እጄን አጣሁት። አሠሪዬ በቅባት ይመለሳል ትላለች። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያኔ የነገሩኝ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?»

የተጠየቀው አንድ ቃል ነው። ቃሉም ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሌሎችም እንደ እሷ በየሣጥናቸው ያኖሯቸው፥ በአሮጌው ዝርዝር የሠራቸው ወረቀቶች ትዝ አሉትና ዋጠው።

«ልክ ነበር» አለ። «ዓይንሽ የዳነው ስለታዘዝሽ ነው። መርፌ ብትይዢ ግን ኮከቡ ዕዳውን ይጠይቅሻል።»

መልሱ መውጫ በር አልነበረውም፤ ብትታወርም ኮከቡ ይረታል፥ ባትታወርም ኮከቡ ይረታል። እንዲህ በቀላሉ ከአፉ መውጣቱ ራሱን አስጸየፈው።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አጠፈች። «ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ለካ የእኔን ኖሯል» አለች፤ ሳትሰናበትም ወጣች።

ልጁ ተነሥታ አዲሱን ዝርዝር አነሣች።

«ወዴት ነው?»

«‹አላውቅም› ብትላት እንኳ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር፥ አባዬ።»

ደረጃውን ሮጣ ወረደች። እሱ በመስኮት ቁልቁል ተመለከተ። ከደጁ ባለው የቁልፍ ሠሪ ባንኮኒ ላይ ወረቀቱ ከዝርዝሩ ጎን ተዘርግቷል፤ የልጁ ጣት ከቁጥር ወደ ቁጥር ይሄዳል። ሴትዮዋ ጎንበስ ሳትል፥ ቆማ ረቂቁን ምልክት ሁሉ አነበበች። ከዚያ ቀና አለች። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን የግድግዳ ሰዓት እንደሚያይ ሰው አየችውና ፊቷን ወደ ጥልፍ ቤቱ መንገድ መልሳ መሮጥ ጀመረች። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ወሬው በማግሥቱ አጣቢዎቹን አዳረሰ፤ ብዙዎቹ የእሱ ወረቀት ነበራቸው። ከሐሙስ ጀምሮ ልጁ ከደረጃው ሥር ተቀምጣ የሚመጣውን ሠንጠረዥ ሁሉ በአዲሱ ዝርዝር ታመሳክራለች፤ ስሕተት የተገኘበትን ሰው ወደ ላይ ትልከዋለች። አባቷ በእያንዳንዱ ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ዐውቄ ዝም ብያለሁ» እንዲል ግድ ሆነበት። በመጀመሪያው ሳምንት ለሠላሳ አንድ ሰው ተናገረው። ከእነዚህ አንዱ፥ በኮከብ ምክንያት መርከብ እንዳይሳፈር ተከልክሎ የታመመ ወንድሙን ሳያየው የቀረ ሽማግሌ ነበር። ጆሮው አይሰማምና ድገመው አለው።

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።