ከኖየል ደጅ የተነሣው ሣጥን

ላይል ፓስኮ ኮምፒውተሩን ከሣሩ ላይ አንሥቶ ብብቱ ሥር ሊሸጉጠው ሲል የኖየል በር ተከፈተ።

በሰፈሩ ደንብ ይህ መሆን አልነበረበትም። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በዓመት አንዴ ትልልቁን ቆሻሻ ሊያነሣ ሲመጣ፣ ሰው የተሰበረ ወንበሩንና ያለቀለት ፍራሹን አስቀድሞ ከአጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ ያወጣል፤ የፈለገም ይወስዳል። ወሳጅ አያንኳኳም፤ ባለቤት በመስኮት ቢያይ እንኳ መጋረጃውን ይመልሳል። ኖየል ድሩሪ ግን የሻይ ኩባያውን እንደያዘ በነጠላ ጫማ ወጣ።

«ጥንብ አንሣው መጣ!» አለ እየሳቀ። «ፍራሹንስ ለማን ተውከው?»

«ፍራሹ ላይ አንተ ተኝተህበታል። ነፍሴን እፈልጋታለሁ።»

«ይሄ አሮጌ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?»

«ለግሌኒስ ነው። የእኛው ሊሞት እያጣጣረ ነው። መንትዮች አይደሉ? ዕቃው ይገጥማል።»

«ውሰደው፣ ውሰደው! ዲስኩማ አዲስ ነው፤ የድሮውን ፋይል ሁሉ ገልብጬ ባስገባሁት በዓመቱ ልጄ ላፕቶፕ ገዛችልኝ።»

መንትዮች መሆናቸው እውነት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫው ሲዘጋ፣ የቢሮ ኮምፒውተሮቹን በመጨረሻው ሳምንት ለሠራተኞቹ በርካሽ ሸጡላቸው። ላይልና ኖየል ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ፈረቃ የሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱን ሣጥኖች በኖየል መኪና ጭነው የመጡትም አብረው ነው። ሥራው ግን አብሮ አልቀጠለም። ገና እየሠራ ወደነበረው ጎረቤት ማመንጫ አሥራ ሁለት ሰዎች ሲዛወሩ ላይል ቀረ። የተዛዋሪዎቹን ስም ለአለቆቹ ያቀረበው የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ኖየል ነበር። ያን ዕለት እነላይል ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ፣ «ስምህን በእጄ ነው ያስገባሁት፤ ከላይ ያሉት ሰረዙህ» ብሎ ነበር። ላይል አመነው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን የትምህርት ቤት ሣር ያጭዳል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ የረገመውም ከላይ ያሉትን ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ግሌኒስ የጥልፍ ማሽኗ አጠገብ ጃኬት ዘርግታ በንዴት ታየዋለች። የከተማው እግር ኳስ ክለብ ምልክት ጥቁር ፈረስ ነው፤ ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር መሐል ላይ ስለደረቀ ማሽኑም አብሮት ቆሟል።

«እየው፤ ጭራ የሌለው ፈረስ! ማን ይለብሰዋል?»

«ተጋጣሚዎቹ።»

«አትሳቅ አንተ! ለቅዳሜ ስልሳ ጃኬት አለብኝ።»

ኮምፒውተር ቤት የጠየቁት ልጅ አዲስ ግዙ ብሏቸው ነበር። አዲሱ ግን የግሌኒስን አሮጌ የጥልፍ ፕሮግራም አይቀበልም፤ ፕሮግራሙን እንደገና ለመግዛት ደግሞ የስልሳው ጃኬት ገንዘብ ግማሹንም አይሸፍንም። ያለው መንገድ መጠገን ብቻ ነው።

ላይል ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ የኖየልን ሣጥን በካቻቢቴ ፈታ። አቧራው እንደ በግ ጠጉር ተጠቅልሎ ወጣ። ሁለቱን ሚሞሪዎች ነቅሎ በደረቅ ቡርሽ ጠረጋቸውና የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካቸው። ዲስኩ የመጫወቻ ካርታ ያህል ነው፤ እሱንም ገጠመው። የሚቀረው የአሮጌውን ዲስክ ይዘት ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። ፕሮግራሙ፣ «በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ይቀጥል?» ብሎ ጠየቀው።

«ቆይ እስቲ» አለች ግሌኒስ። «የልጅ ልጆቹ ፎቶ ይኖርበት ይሆናል። ኖየልን አታውቀውም? ሳያይ ነው የጣለው። ካለ አስቀምጥለት።»

ላይል ከፈተው። ፎቶ የለም። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ዋጋ፣ የግብር ወረቀት፣ «ዝውውር» የሚል ማኅደር። ማኅደሩን የከፈተው የአሥራ ሁለቱን ስም ለማየት ያህል ነው።

ሁለት ዝርዝሮች ነበሩ። በመጀመሪያው ሰባተኛው ስም ላይል ፓስኮ ነው። ሁለተኛው ከሦስት ቀን በኋላ የተጻፈ ነው፤ ሰባተኛው ትሬንት ሆሊስ ሆኗል። ትሬንት የኖየል አማች ነው፤ ማመንጫው ሲዘጋ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ግርጌው ላይ ኖየል በስሙ ለአለቆቹ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ፓስኮ ጀርባውን ስለሚያመው እንዲቀር ራሱ ጠይቋል።»

ግሌኒስ በትከሻው በኩል አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«ጀርባህን አሞህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ለእኔ ያልነገርከኝ…»

«አያውቅም አልኩሽ!»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እዚችው ጠረጴዛ ላይ አይደል የተነፋረቀው? ሻይ አፍልቼለት! ስኳር ጨምሪልኝ ብሎኝ!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ተነሥ፤ ሂድና ፊቱ ላይ ወርውርለት።»

«ዲስኩን ከወረወርኩት ፈረስሽ ያለ ጭራ ይቀራል።»

ሌላ ዲስክ አልነበራቸውም።

ላይል ሁለተኛውን ዝርዝር በፕሪንተሩ አወጣው። ቀለሙ ሊያልቅ ስለነበር ፊደሎቹ ገርጥተዋል፤ የግርጌዋ መስመር ግን ትነበባለች። ከዚያ «ይቀጥል» የሚለውን ተጫነ። የኖየል ጀልባ፣ የኖየል ግብር፣ ሁለቱ ዝርዝሮች፣ ሁሉም ጠፉና በቦታቸው የግሌኒስ ፈረሶች ገቡ። ኮምፒውተሩ እንደዚያ ፈጥኖ ተከፍቶ አያውቅም። ማሽኑ ጭራውን አንዴም ሳይቆም ጠልፎ ጨረሰ። ግሌኒስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጃኬቱን ሳታየው አጣጠፈችው።

ላይል ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ባዶው የኖየል ሣጥን ውስጥ፣ ዲስኩ የነበረበት ቦታ ላይ ሻጠው። ሌላ ጊዜ ዕቃ ሲገጥም አንድ ብሎን ሳይጠፋበት አይቀርም፤ ዛሬ አራቱንም አጥብቆ አሰረ። ሣሩ ላይ ይመልሰዋል፤ ኖየል ከከፈተው ይከፍተዋል፣ ካልከፈተው ሰኞ ጠዋት መኪናው ጨፍልቆት ይሄዳል። ከዚህ ያለፈ አላሰበም።

ኖየል ደጁ ላይ አበባ እያጠጣ ነበር። ሣጥኑን ሲያይ የውኃ ጎማውን ጣለ።

«እንዴ! ከቆሻሻ የተነሣ መመለስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«የሚፈለገውን ወስጃለሁ።»

«እሺ… ዲስኩንስ? አጥፍተኸዋል አይደል?» አለ ኖየል፤ ውኃው እግሩ ሥር እየፈሰሰ።

«አጥፍቼዋለሁ። አሁን ፈረስ ብቻ ነው ያለበት።»

ኖየል ትንፋሹን ለቀቀና ሳቀ። «ጎበዝ! ለግሌኒስ ሰላም በልልኝ።» ላይል ሣጥኑን ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ አይቶም፣ «ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ ጀርባህን!» አለው።

ላይል ቀና ሲል ሣጥኑ አሁንም እጁ ላይ ነበር። በሣሩ አልፎ የአጥሩን በር በጉልበቱ ገፋና ሣጥኑን ኖየል ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ አኖረው። ከዚያ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠለትና ወደ ቤቱ ሄደ።