ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ

አያ ዳኘው ማንኩሳ አጠገብ ላለችው ደብራቸው የእመቤታችንን ሥዕል ሲያሠሩ ያሳሰባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወዲህ መልሶ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን። ሥዕሉን ያሠራ ሰውም ከግርጌ ይሣላልና «ሁለቱም ዓይኔ ቁልጭ ብሎ ይታይ፤ አደራህን!» እያሉ ፍኖተ ሰላም ድረስ ተመላልሰው ሰዓሊውን ሠርክአዲስን አሰለቹት። ሚስታቸውን ሀብትነሽንም ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ተቀመጡለት። አገር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ከነባለቤቱ ሲታይ ያምራላ!

ሸራው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ ሊያይ ግር ብሎ ገባ። የአያ ዳኘው ዓይን ሁለት ነው፤ ያውም ብሩህ። ምን ዋጋ አለው! እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው ምርቃት ሲጠብቁ ሰዉ ዓይኑን ከእሳቸው ላይ አነሣ። ሁሉም የሚያየው ሀብትነሽን ነበር። ሥዕሉ ላይ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰብስቧል፤ አንገቷ ከባሏ ሸሽቷል፤ ዓይኗ የባሏን ቀኝ እጅ ይጠብቃል።

«እኔን ይድፋኝ!» አለች አንዲት ሴት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

አያ ዳኘው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ስንት ዘመን ከጓዳ ያልወጣ ነገራቸው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ወጥቶ ቁጭ!

በማግስቱ ሚስታቸውን አስከትለው ሰዓሊው ቤት ከተፍ አሉ።

«አዋረድከኝ! ምን በድዬህ ነው?»

«እኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት፣ አያ። እርስዎ የነገሩኝ ስለ ዓይንዎ ብቻ ነው» አለ ሠርክአዲስ አቀርቅሮ። «ግዴለም፣ እንደገና ይቀመጡልኝ። የባለቤትዎ ትከሻ ከወረደ እኔም አወርደዋለሁ።»

ተቀመጡ።

«ዘና በይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል!» ብለው ጮኹባት። ሀብትነሽ ጭራሽ ተኮማተረች።

አያ ዳኘው ያን ጊዜ አፈሩ። የምራቸውን አፈሩ፤ ሰውን ሳይሆን እሷን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሀብቴ» አሏት፤ ከሙሽርነቷ ወዲህ እንዲህ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። ነጠላዋ ተንሸራቶ ነበርና ትከሻዋ ላይ ሊመልሱላት እጃቸውን ቀስ አድርገው ዘረጉ።

ሀብትነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።