ጊዜያዊው ሙሌት

የሰብለ ድድ ዳግመኛ ባበጠ ጊዜ ጥርጣሬዋ በመጀመሪያ ያረፈው በሐኪሙ ላይ ነበር። ከረመዳን በፊት፣ በቤት ሠራተኝነት በምትኖርበት የዐረብ ከተማ፣ ባጥሐ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ክሊኒክ የመንጋጋ ጥርሷን ሥር አሳክማ፣ ሕመሙ ሲጠፋላት ነገሩ አብቅቷል ብላ አምና ነበር። አሁን ዐረፋ አልፎ ከዚያው ጥርስ ሥር መግል ይወጣል። ሐኪሙ ጥርሴ ውስጥ መርፌ ሰብሮ ትቶብኛል አለች።

ውሎ አድሮ ግን ዐይኗ ወደ ሙባረካ ዞረ። ሁለቱ በአንድ ቤት ይሠራሉ፣ በአንድ ክፍል ያድራሉ። ያን ጊዜ ሰብለ ዐረብኛ ስላልነበራት፣ አብራት ገብታ ያስተረጎመችላት ሙባረካ ነበረች። ይህች ሴት የጥርሱ ነገር በተነሣ ቁጥር ፊቷን ወደ ሳህኖቹ ታዞራለች።

«በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ፣ ይተውሻል» አለቻት።

«እስከ መቼ? አፌ እኮ ጨው የበላው ዓሣ ሆነ።»

«እንግዲያው ጉበይራ ሰፈር ሌላ ሐኪም አለ፤ ወደዚያ እንሂድ።»

«ለምን ወደ ሌላ? የምጠይቀው የሠራውን ሰው ነው።»

«ያ ሰውዬ ቁጡ ነው፣ እህቴ።»

ሰብለ ሐኪሙ ሲቆጣ አላየችም። የምታስታውሰው፣ እርሱ ጣቱን እያነሣ ረጅም ነገር ሲናገር፣ ሙባረካ ግን «ኸላስ፣ አልቋል» ብቻ ስትላት ነው። ያ ሁሉ ንግግር እንዴት በዚህ አለቀ?

የሰብለን ያበጠ ፊት እንግዶች እንዳያዩባት የሰጋችው አሠሪያቸው ማዳም ሁለቱንም በሾፌር ወደ ባጥሐው ክሊኒክ ላከቻቸው። ጥርሷን የሠራው ሱዳናዊ ሐኪም ራጅ አንሥቶ አሳያቸው። የተሰበረ መርፌ የለም።

«ይህ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ሙሌት ነው» አለ። «ተሸርሽሮ በስንጥቁ ባክቴሪያ ገብቷል። አንዳንዱ ባክቴሪያ ምግብ እንኳ ባያገኝ በጥርሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሸሽጎ ለወራት ይኖራል።» ወደ ሙባረካ ዞረ። «ለቋሚው ሙሌት ተመለሱ አላልኩሽም?»

ሰብለ በወጥ ቤት የለቀመችው ዐረብኛ ይህን ለመረዳት በቃት። ሙባረካን ትክ ብላ አየቻት።

«ማዳም ‹ሰብለ ለሐኪም ሁለተኛ ፈቃድ ከጠየቀች ወደ አገሯ እሰዳታለሁ› ብላኝ ነበር» አለች ሙባረካ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ብነግርሽ ትጠይቂያት ነበር።»

«እጠይቃት ነበር። ብባረርም የምባረረው እኔ ነበርኩ።»

ሙባረካ ክፉ አላሰበችም። ነገር ግን ለሌላ ሰው የተነገረውን እውነት ማስቀረት፣ ከርኅራኄ ቢመነጭም እንኳ፣ በዚያ ሰው ሕይወት ላይ ያለ ፈቃዱ መፍረድ ነው።

ሐኪሙ ጥርሱን እንደገና ከፍቶ እንደሚያጸዳው፣ መዳኑን ግን እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደማይችል ገለጸ። ሙባረካ ልታስተረጉም አፏን ስትከፍት ሰብለ በእጇ አስቆመቻትና በተሰባበረ ዐረብኛ ራሷ ጠየቀች፤ «መቼ ልመለስ?»

ሐኪሙም ነገራት። ያን ጊዜ ወደ ሙባረካ ዞራ «አሁን አንቺ የሰማሽውን ንገሪኝ» አለቻት።

ሙባረካ አንዲት ቃል ሳታስቀር ነገረቻት። ሰብለ እርሷ ከሰማችው ጋር አስተያየችው፤ ገጠመ። በሚቀጥለው ቀጠሮም እንደገና እንደምታስተያይ ሁለቱም ዐወቁ።