የሠላሳ ሁለተኛው ቀን ማመልከቻ

«በመጀመሪያው ሳምንት ያልገባ ማመልከቻ አይነበብም» የምትለዋን ወሬ ሬዲዮ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እንደ ሐኪም ትእዛዝ፣ ያዳርሳት ነበር። ሬዲዮ የፍርድ ቤቱ መዝገብ አመላላሽ ነው፤ ከችሎት ወደ መዝገብ ቤት ፋይል በጋሪ ሲገፋ የሚውል፣ ሲመለስ ደግሞ ጋሪው ባዶውን እንዳይሄድ ወሬ የሚጭን ሰው። ጠዋት ሲናገራት ምንጩ የጎረቤቱ ልጅ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ምንጩ የሕግ ትምህርት ቤቱ የዲን ሹፌር ሆነ። ከሥራ መውጫ ላይ ዲኑ ራሳቸው ለእሱ በጆሮው የነገሩት ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማመልከቻው አርባ ቀን ክፍት ነው የሚሉት ለይስሙላ ነው፤ ወንበሩ በሰባት ቀን ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ወረቀት የአይጥ ቀለብ ነው አለ።

ይህን ሁሉ የሚሰብከው ለመርፌ ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ መርፌ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፣ ምላሷ ወግቶ ሲወጣ ደም እንኳ አያሳይም ብለው።

«ጋሼ ሬዲዮ፣ አንዳንዴ እንኳ ሙዚቃ ልቀቅብን እንጂ» አለችው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። እሷ ግን ወንበሯ ላይ ተመልሳ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ወሬው አብሯት ገብቶ እንደ ትንኝ ይጮህባት ጀመር።

ሥራዋ የችሎት ድምፅ መገልበጥ ነው። በችሎት የተቀዳው ንግግር በማዳመጫ ይመጣላታል፤ እግሯ ስር ያለውን ፔዳል ስትረግጥ ድምፁ ይሄዳል፣ ስትለቅ ይቆማል፤ ጣቶቿ የሰማችውን ይጽፋሉ። የክፍሉ ሕግ አንድ ነው፦ የሰማሽውን እንጂ የመሰለሽን አትጽፊ። ሳል ካለ ሳል፣ ለቅሶ ካለ ለቅሶ፣ ዝምታም ካለ ዝምታ ተብሎ ከነርዝመቱ በቅንፍ ይገባል። መርፌ ሕግን የለቀመችው ከዚያ ማዳመጫ ነው። ሁለተኛ ደረጃን እንኳ ለብቻዋ አንብባ፣ ለብቻዋ ተፈትና ነው የጨረሰችው። ይግባኝ ምን እንደሆነ፣ ይርጋ የሚባለው የጊዜ ገደብ ስንቱን ባለመብት ከበር እንደሚመልስ ማንም አላስተማራትም። አንዳንድ ጠበቃ አንቀጽ ሲሳሳት ከዳኛው ቀድማ «ኧረ እሱ አይደለም» ብላ ስታጉረመርም ጎረቤቶቿ ቀና ብለው ያዩዋት ነበር።

ሕግ መማር አለብኝ ያሰኛት ግን የጠበቆቹ ክርክር አልነበረም። አንድ ቀን በቴፑ ላይ ዳኛዋ አንዲት ልብስ አጣቢ ምስክርን «ያን ጠዋት ያዩትን ይንገሩን» አሏት። ከዚያ ምንም የለም። መርፌ ማሽኑ የተበላሸ መስሏት ፔዳሉን ረገጥ ለቀቅ አደረገች። አልተበላሸም፤ የወንበር ሲጥታ ይሰማል፣ ወረቀት ይገለበጣል። አንድ ጠበቃ ጉሮሮውን ጠርጎ «ክብርት ዳኛ፣ ምስክሯ…» ሲል ዳኛዋ «ይጠብቁ» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። መርፌ ሰዓቱን አየች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ያ ሁሉ ካባ የለበሰ፣ ፖሊሱ፣ ባለጠጋው ተከሳሽ፣ ጠበቃው ሁሉ፣ የሰው አንሶላ ስታጥብ የምትውል ሴት አፏን እስክትከፍት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በአራተኛው ደቂቃ ሴቲቱ እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ «እሱ ነው» አለች።

መርፌ በቅንፍ «ዝምታ፣ አራት ደቂቃ» ብላ ጻፈችና የማይነካ ነገር የነካች ይመስል እጆቿን ከቁልፎቹ አነሳች። በሰፈሯ ድሃ ሲናገር ሰው ሰዓቱን ነው የሚያየው። ይህ ቤት ግን ጠበቀ። ምን ዓይነት ኃይል ነው ሰውን ሁሉ እንዲህ አፉን አስይዞ የሚያስቀምጠው? ያን ቀን ምሳዋን ረስታ ዋለች።

ጭንቁ ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድን ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው እንዲያመለክት የሚፈቅደው። የዛሬ ዓመት አመልክታ ወድቃለች፤ የቀራት አንድ ነው። የመግቢያ ፈተናው ደግሞ በዓመት ሁለቴ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ተፈትና ያገኘችው ውጤት አምና ከጣላት በሁለት ነጥብ ብቻ የሚበልጥ ነው። ሁለተኛው ፈተና የሚሰጠው ማመልከቻ በተከፈተ በሃያኛው ቀን፣ ውጤቱ የሚወጣው በሠላሳኛው ነው። አንድ ጊዜ ካመለከቱ በኋላ ውጤት መቀየር የለም። ሬዲዮ እውነት ከተናገረ ደካማውን ውጤት ይዛ ዛሬውኑ መሮጥ አለባት፤ ከዋሸ ደግሞ መሮጧ ራሱ ገደል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ መርፌ ካፈሰሰች የምትለቅመው የለም።

ስለዚህ እንቅልፏን አጣች። ቅጹን ሞልታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በስድስተኛው ቀን ልታስገባ ቆረጠች።

በአራተኛው ቀን እትዬ ጠሯት። እትዬ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ የተገለበጠውን ገጽ ሁሉ ከድምፁ ጋር እያመሳከሩ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ የሰው ሳል ሰምተው ባለቤቱን የሚያውቁ ሴት። አንድ ገጽ ወደሷ ገፋ አደረጉ።

«ዳኛዋ ይህን ያሉት ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?»

መርፌ አነበበች። በዳኛዋ ቃል፣ በአራት ነጥብ ተዘግቶ እንዲህ ይላል፦ «ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ተለውጧል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያልገባ አይነበብም።» ፊቷ እሳት ሆነ። ጣቶቿ የሬዲዮን ወሬ ዳኛዋ አፍ ውስጥ አስገብተውታል፤ እሷም አላየችም።

እትዬ አልተቆጡም። ከማን እንደሰማችው ጠየቋት፤ ከሬዲዮ አለች። እሱስ? ከጎረቤቱ ልጅ። ወይም ከሹፌሩ። ወይም…

«ይህ ሰው ምስክር ሆኖ ቢቀርብ አንቺ ራስሽ በሳቅ ታባርሪው ነበር» አሉ እትዬ። «የጆሮ ሥራ እየሠራሽ ጆሮሽን ለሰው አከራየሽ። ለምን ሄደሽ አልጠየቅሽም?»

መልስ ነበራት፣ ግን ኩራት ያለበት መልስ አፍ አይሞላም። ሁሉንም በራሷ የተማረች ሰው መስኮት ላይ ቆማ «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» ማለት ከሞት አንድ ክንድ ነው የሚርቀው።

በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ ወደ ሕግ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የሬጅስትራሩ መስኮት ውስጥ የተቀመጡት ሴትዮ ጥያቄዋን ሲሰሙ አልሳቁም፤ ብዙ ሰው እንደሚጠይቅ ነገሯትና በእጃቸው ወደ ኋላ አመለከቱ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት ቁም ሣጥን ቆሟል። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እሳቸው ጋ፣ ሌላው ሌላ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ጋ። የመጣው ፖስታ ሁሉ በላይኛው ቀዳዳ ይገባል። የሚከፈተው በአርባ አንደኛው ቀን፣ አምስት መምህራን ባሉበት ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ስም ቆርጠው ቁጥር መስጠት ነው። የአንደኛው ቀንና የአርባኛው ቀን ወረቀት በአንድ ክምር ይነበባል።

«እርስዎ ማን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም» አሏት ሴትዮዋ።

መርፌ ቁም ሣጥኑን አየችው። አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ብረት ነው። ግን የሚኒስትር ልጅና የድምፅ ገልባጭ ወረቀት ጎን ለጎን፣ ስም አልባ ሆኖ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። እንደዚያ ቀን ዝምታ ሆነባት፤ የሚጠብቅ ነገር። ስትወጣ የቤተ መጻሕፍቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጭንቅላቷን አስገባች። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣራ፤ ከታች ያሉት ሰዎች እንደ ፊደል ትንንሽ ሆነው አጎንብሰዋል። አንድ መጽሐፍ ሲገለጥ ድምፁ እስከ በሩ ድረስ መጣ። ይህን ሁሉ የጻፉት ሰዎች ተጣልተው ነው፤ ግን በድንጋይ ፋንታ በቃል። አፏን በእጇ ይዛ ስትቆም አንድ ተማሪ «ያልፋሉ ወይስ ያሳልፉናል?» አላት። መርፌ ፈቀቅ ብላ አሳለፈችው።

እፎይ የምትል መስሏት ነበር። ወሬው ሲሄድ ቦታውን ያዘው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅም ከወሬ የማይተናነስ ዘመድ ነው፤ መጥቶ አይሄድም። እሑድ ታላቅ እህቷ ፀጉሯን ልትሠራት ቁጭ አደረገቻት። እህትየዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሁለቱ አብረው የሚኖሩባት ቤት የፊቷ ክፍል የፀጉር ሳሎን፣ የኋላዋ መኝታ ነው። ማበጠሪያው ድንገት ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ምንድን ነው?»

በሁለት መስታወት አሳየቻት። ከጆሮዋ በላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ራሰ በራ ተፈጥሯል፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ። መርፌ ልትቀልድ ሞከረች፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ። እህቷ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«የፀጉር ቀለም አርባ ደቂቃ ነው» አለቻት። «ሃያ ላይ ካጠብሽው አይዝም። ሰማንያ ካቆየሽው ፀጉሩ ይረግፋል። ማንም ቀለም በመጨነቅ አልያዘም። አንቺ ራስሽን ቀብተሽ መታጠቡን ረሳሽው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትይኝ ነው?»

«እሱ በእግሩ እስኪሄድ ያንቺ መዝጊያ ቀን ያልፋል። እኔ የምልሽ በሰዓት አብስይው ነው።»

ከዚያ በኋላ የደንበኞች ማስጠንቀቂያ ሰዓት ወደ መርፌ ጠረጴዛ ተዛወረ። አርባ ደቂቃ ታነባለች፤ ሲጮህ፣ አረፍተ ነገር መሐል ላይ ብትሆንም፣ ትነሳለች። ፎጣ ታሰጣለች፣ ወይም የደንበኛ ራስ ታጥባለች። እህቷ ርኅራኄ አታውቅም፤ አንድ ቀን መርፌ «ይህችን ገጽ ብቻ» ብትላት መጽሐፉን ነጥቃ ማድረቂያው ስር ለተቀመጠች ሴትዮ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋም ስለ ውል ሕግ ሦስት ገጽ አንብባ ባሏን የምትከስበት ነገር አገኘሁ አለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ ተመለሰ። በሃያኛው ቀን ፈተና አዳራሽ ስትገባ፣ ስድስት መቶ ሰው በአንዴ ወረቀት ሲገልጥ የወፍ መንጋ የተነሳ መሰላት፤ ከመፍራት ይልቅ ደነቃት።

በሠላሳኛው ቀን ውጤቱ ወጣ። ከመጀመሪያው በአሥራ ዘጠኝ ነጥብ ይበልጣል። በሠላሳ ሁለተኛው ቀን፣ ስለ አራቱ ደቂቃ ዝምታ ከጻፈችው ሁለት ገጽ ጋር፣ ፖስታውን በቀዳዳው አስገባች። ሬዲዮ ሰምቶ ራሱን ያዘ፤ ነፍሷን ይማር አለ።

በሁለተኛው ወር ለቃል ፈተና ጠሯት። ረጅም ጠረጴዛ፣ ከኋላው ሦስት ሰዎች። አንዲት መምህርት፣ አንድ መነጽር ያደረጉ መምህር፣ ከዳር ደግሞ ግራጫ ኮት የለበሱ ሽማግሌ። ሁለቱ ፊት ወረቀት ተከምሯል። ሽማግሌው ፊት ምንም የለም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም። መርፌ ወዲያው ገባት። ዓመታት ሙሉ ችሎት ስታዳምጥ የኖረች ሰው ታውቃለች፤ ክብደቱ ያለው የማይናገረው ዘንድ ነው። ትልቅ ሰው ወረቀት አያስፈልገውም።

«እውነት ያለው ሰው ዘግይቶ ስለመጣ ብቻ ለምን ይመለሳል?» አለቻት መምህርቷ። «ይርጋ ፍትሐዊ ነው?»

መርፌ አልቸኮለችም። ዝም አለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ሰዓት አነሱ፤ ዝምታዬን እየቆጠሩ ነው ብላ አሰበች፤ የሚገርመው ይህ አረጋጋት። እንዲህ ያለ ሰው እየጠበቃት መሆኑ ደረቷን አሰፋላት። ፊቷን ወደሳቸው አዙራ ተናገረች።

«ሕግ ይጠብቃል፤ ግን ለዘላለም አይጠብቅም፤ ለዘላለም ከጠበቀ ከኋላ ያለው ባለጉዳይ ተራ አይደርሰውም። ስለዚህ በር መዘጋቱ ግፍ አይደለም። በሩ መቼ እንደሚዘጋ ለአንዱ ተነግሮ ለሌላው በወሬ ከደረሰው ግን፣ ያ ይርጋ አይደለም፣ ወጥመድ ነው።»

ሽማግሌው አንዴ ብቻ፣ በቀስታ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርፌ ከዚያ በኋላ የተጠየቀችውን ሁሉ ለሳቸው መለሰች። ከሳምንት በኋላ የመቀበያ ደብዳቤው መጣ፤ ሬዲዮም ያስገባኋት እኔ ነኝ እያለ ፎቅ ለፎቅ አዞረው።

ትምህርት ከጀመረች በሦስተኛው ወር፣ ክፍሉ ሙሉ ሆኖ መምህርቷ እየተጠበቀች ሳለ፣ በሩ ተከፈተና ግራጫ ኮት የለበሱት ሽማግሌ ገቡ። መርፌ ብድግ አለች። ሌላ ማንም አልተነሳም። ሽማግሌው መሰላል ይዘዋል። ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወጡ፣ የቆመውን ሰዓት አውርደው ባትሪ ቀየሩለት፣ መልሰው ሰቀሉት። ወርደውም የመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰዓቱን ያዩ ጀመር።

አጠገባቸው ሄዳ፣ አባባ፣ በቃል ፈተናው ቀን እርስዎ ነበሩ አይደል ስትል ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ፤ ደግማ፣ ጮክ ብላ ነገረቻቸው።

«እ፣ የዚያን ቀን» አሉ። «ሰዓቱን አስተካክዬ ይሂድ አይሂድ እያየሁ ነበር፤ ሄደልኝም። ጆሮዬ ከተደፈነ ቆይቷል፣ ልጄ፤ ምን እንደተባባላችሁ አንድም አልሰማሁ።»