ሁለት ፍሬን

አይሱዙው ተሻገረ። ጎርፉን በደረቱ እየገፋ ገባ፤ መሀል ላይ ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ሰዉን ሁሉ ቢያስደነግጥም ቀና አለና በማዶው ዳገት ወጣ። ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። በዚህኛው ዳር የተሰበሰቡት ሰዎች አጨበጨቡ።

“አየሽ?” አለ ሕሩይ። “ጎማው የሄደበትን ልብ በይ። እኛም በዚያው ነን።”

ሰሀር መሪውን በሁለት እጇ እንደጨበጠች ዓይኗን ከውሃው አላነሣችም። “ጋሼ ሕሩይ፣ የዚያ መኪና ጎማ እኮ የዚችን ኮሮላ ወገብ ያክላል።”

“መኪና በጎማ አይሻገርም፤ በነጂ ነው።”

ሕሩይ ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ጉልበቱ ሲደክም ደባርቅ ካለ አንድ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ገባና አሰልጣኝ ሆነ፤ ይኸው ስድስት ዓመቱ። ዛሬ ጠዋት ማሰልጠኛዋን ኮሮላ ለጥገና ዳባት ሲወስድ፣ ሰሀርን ከፈተናዋ በፊት ረጅም መንገድ ትለማመድ ብሎ ይዟት ሄደ። ሲመለሱ ይህ ረባዳ ቦታ ላይ ተያዙ። እነሱ ባሉበት ጠብታ አልወረደም፤ የነሐሴ ዝናብ የወረደው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ በጭራሮና በደለል ስለተደፈነ ደራሹ ውሃ አስፋልቱን ዘሎ ይወርዳል። ከኋላቸው ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። አይሱዙው ከሄደ በኋላ የሰልፉ መጀመሪያ እነሱ ሆኑ።

ፈተናው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ፈታኞቹ የሚመጡት በሁለት ወር አንዴ ሲሆን፣ ሰሀርና ሌሎች ሦስት ተማሪዎች የሚፈተኑት በዚችው መኪና ነው። የሕሩይ ሰዓት ሰባት አልፏል።

ሰሀር ደባርቅ ገበያ ውስጥ ልብስና ቅመም ትሸጣለች። ባሏ ሳሊም በፒካፑ ወደ ሳንቃ በር መንገድ ቀለብ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ከጥር ወዲህ ወገቡን ታሞ ከአልጋ አይነሣም። ፒካፑ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። “እኔ እነዳታለሁ” ስትል ሳሊም “አንቺ አትችይም” ብሎ ነበር የሳቀባት።

አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው የሕሩይን መስኮት አንኳኩ። የዚያ በር መስኮት ማውረጃ እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሕሩይ በፒንሳ ነው የሚያዞረው። በእጁ ወደ ሰሀር በኩል እንዲዞሩ አመለከታቸው። የአካባቢው ገበሬ አባ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ፤ ማሳቸው ከመንገዱ በታች ነው።

“እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። ልትሻገሩ ነውን?”

“አዎ አባቴ” አለ ሕሩይ። “አይሱዙው ሲሻገር አላዩትም?”

“ዓይኔስ አይቶታል። ጆሮህ ግን ምን ይልሃል? እስቲ ስማው።”

ሰሀር ሞተሩን አጠፋች። ከውሃው ጩኸት በታች ሌላ ድምፅ አለ፤ ወፍጮ ቤት ከሩቅ ሲሰማ እንደሚያጉረመርመው ያለ።

“ድንጋይ እያንከባለለ ነው” አሉ ሽማግሌው። “ድንጋይ የሚያንከባልል ውሃ መሬትም ይበላል። ከሥሩ አስፋልቱ ይኑር አይኑር ማን ወርዶ አየ? አንድ ሰዓት ታገሡት። ደራሽ ውሃ እንግዳ ነው፤ አያድርም።”

“እንጠብቅ ጋሼ” አለች ሰሀር።

“ፈተናው ያልፍሻል እኮ።”

“ይለፈኝ።”

“ሁለት ወር ልትጠብቂ ነው?”

“ሁለት ወር ጠብቄ አልሞትም።”

ከሰልፉ አንድ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ “ሕሩይ ነው እኮ! ሕሩይ ምን ያቆመዋል?” ሲል ተሰማ። ሕሩይ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ውሃውን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ገና ከአፉ ሳይወጣ ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር።

“እንግዲያ ሳሊም ልክ ነው ማለት ነዋ።”

ሰሀር ፊቷ ደም መሰለ። ሞተሩን አስነሣች፤ አንደኛ ማርሽ አስገባች። አባ ወልደ ሩፋኤል ከዘራቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

“ነዳጁን አትቀንሺ” አለ ሕሩይ። “ማርሽ አትቀይሪ። ምንም ቢመጣ ፍሬን እንዳትነኪ። ውሃ ውስጥ የቆመ መኪና የውሃው ነው።”

“እሺ።”

ጎማው ውሃውን ሲነካ ቀላል ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ውሃው ከግራ በኩል በሩን መምታት ጀመረ። ቀጥሎ ከእግራቸው ሥር በረዶ የመሰለ ቅዝቃዜ ገባ። ሰሀር መሪውን እንደያዘች ማዶ ያለውን የመንገድ ምልክት አፍጥጣ ታያለች፤ መሪው ፍንክች አላለም። ሕሩይ “ጎበዝ” ሊላት አፉን ሲከፍት የፊት ቀኝ ጎማው ወደ ባዶ ወረደ።

ከሥር አስፋልት አልነበረም። መኪናዋ በሕሩይ በኩል ተንጋደደች፤ ቡናማው ውሃ መስኮቱ ላይ ወጥቶ ከፊቱ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ። በማሰልጠኛ መኪና ፍሬኑ ሁለት ነው፤ አንዱ ከተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው ከአሰልጣኙ። የሕሩይ እግር ሳያዝዛት ሄደች። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው።

ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

ሰሀር ቁልፉን አዞረች። ምንም። ደግማ አዞረች።

“ተይው” አለ ሕሩይ። “ውሃ ጠጥቷል።” ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

በሩን ገፋ፤ ግድግዳ የሚገፋ ያህል ነበር። ሰሀርም በበኩሏ ገፋች፤ ጎርፉ ከውጭ ተደግፎታል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ወጣ። ሕሩይ ጎንበስ ብሎ ፒንሳውን ፈለገ፤ ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ ከመቀመጫው ሥር ገብቷል፤ ጣቱ የሚያገኘው ደለል ብቻ ነው። ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ በመታት ቁጥር እንደ ጀልባ ፈቀቅ ትላለች፤ ፈቀቅታዋም ሁልጊዜ ወደ እሱ በኩል፣ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ነው።

ሰሀር መስኮቷን ማውረድ ጀመረች።

“አትክፈቺው! ውሃ ይገባል!”

“ገብቶስ የለ!” ብላ ጮኸችበት። ከተዋወቁ ጀምሮ ጮኻበት አታውቅም። ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች፤ መቀመጫው ላይ ቆመች፤ ቢስሚላህ ብላ ግማሽ አካሏን አወጣችና ወዲያው እግሯም ተከተለ። ጣሪያው ከላዩ ድም አለ።

ሕሩይ ብቻውን ቀረ። ውሃው መቀመጫውን ሸፍኖ ወገቡን ያዘው። ወደ እሷ መቀመጫ ለመሻገር ሲሞክር ማርሹና መሪው ሆዱን ያዙት። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ እሱ ትልቅ ነው። ስንቱን ተማሪ በዚች ወንበር ላይ ሲቆጣ እንደኖረ ትዝ አለው። ከላይ ድምፅ የለም። ሄዳለች ብሎ አሰበ፤ ብትሄድም እንደማይፈርድባት አሰበ፤ ወዲያው ደግሞ “ሰሀር!” ብሎ ጮኸ።

እጇ በመስኮቱ ገባ። “እዚህ ነኝ። በጀርባዎ ይውጡ። ፊትዎን ወደ ሰማይ፣ መጀመሪያ ጭንቅላት።”

“አልችልም። ሆዴ አያልፍም።”

“ትንፋሽዎን ያውጡና ይሞክሩ። እግርዎን መሪው ላይ ይርገጡ። በርቱ ጋሼ፣ በርቱ!”

ኮሌታውን ይዛ ሳበችው። የመስኮቱ ጠርዝ ጎኑን ፋቀው፤ ሸሚዙ ተቀደደ። ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ተሰቅሎ ቀረ፤ ጎርፉ ጆሮው ሥር ያገሳል፣ የሚያየው ግን ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ለቀቀውና ጣሪያው ላይ ተዘረጋ። ሁለቱም ጣሪያው ላይ የተገጠመውን፣ የለማጅ “ለ” የተጻፈበትን ቀይ ሰሌዳ ከግራና ከቀኝ ይዘው ተቀመጡ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጡ አያውቅም። ዳር ላይ ሰው ይሯሯጣል። የጭነት ሾፌሮች ገመዳቸውን ፈተው ቀጣጠሉ፤ አንዱን ጫፍ ከመኪና ጋር አሰሩት። ሦስት ጎልማሶች ሌላውን ጫፍ ወገባቸው ላይ አስረው፣ በዱላ እየሞከሩ ገቡ። አባ ወልደ ሩፋኤል ከዳር ሆነው “ከላይ በኩል! ከላይ በኩል ያዙ! በታች ተበልቷል!” እያሉ ይመሯቸዋል። ሰሀር ገመዱን ስትቀበል መጀመሪያ ያሰረችው በሕሩይ ብብት ሥር ነው።

ሁለቱም ዳር ሲደርሱ ኮሮላዋ እንደ ደከመው እንስሳ በጎኗ ተኛች፤ ከአስፋልቱ ተንሸራትታ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ማሳ ወረደች።

ሕሩይን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። አንድ ሰው ጋቢ አለበሰው። ጥርሱ ስለሚንገጫገጭ መናገር አልቻለም፤ መስማት ግን ይችላል።

“ሴትዮዋ ደንግጣ ነው” አለ ቅድም አንገቱን ያወጣው ሾፌር። “መሀል ላይ ፍሬን ረገጠች። የኋላ መብራቱ ሲበራ በዓይኔ አይቻለሁ።”

“እኔም አይቻለሁ” አለ ሌላው። “እሱ ቢነዳት ይሻገር ነበር።”

“ለማጅ ይዞ እዚህ መግባቱ ነው ጥፋቱ።”

ሕሩይ ጋቢውን ወደ ላይ ሳበ። ጥርሱ መንገጫገጩን አቆመ፤ አሁን መናገር ይችላል። አልተናገረም።

ሰሀር ትንሽ ራቅ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ትጨምቃለች። የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ቀኝ እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር። እንዳስተማሩኝ።”

“አውቃለሁ” አለ ሕሩይ።

ሌላ የምትለው ያለ መሰለው። ጠበቀ። እሷ ግን ቀሚሷን ወደ መጭመቅ ተመለሰች።

ከብብቷ ሥር ስልክ ጮኸ። የክረምት ሰው እንደሚያደርገው በፌስታል ጠቅልላ ነበር የያዘችው። ፈትታ አየችና ለሕሩይ አቀበለችው። “ወይዘሮ አረጋሽ ናቸው። የእርስዎ ስልክ እምቢ ብሏቸው ይሆናል።”

ወይዘሮ አረጋሽ የማሰልጠኛው ባለቤት ናቸው። ሕሩይ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ “አቤት፣ ሕሩይ ነኝ” አለ።

“ሕሩይ! ተርፋችኋል? ተመስገን! እዚያ ያሉት ሰዎች ደውለው ነግረውናል። ፈታኞቹም ሰምተዋል፤ እዚሁ አጠገቤ ናቸው።” ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ተማሪዋ ናት ፍሬን የረገጠችው አሉ። እንዲያ ከሆነ አንተ ላይ የሚመጣ ነገር የለም፤ የማሰልጠን ፈቃድህም አይነካም። እሷም ብትሆን እንግዲህ ገና ተማሪ ናት፤ ሌላ ጊዜ ትማራለች። እንደዚያው ብዬ ልንገራቸው?”

“አዎ” ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ እሱንም ባይል፣ ዝም ማለቱ ራሱ ይበቃል። ነገ ደባርቅ ገበያ ውስጥ የሚወራውን ከአሁኑ ሰማው። ሳሊም አልጋው ላይ ሆኖ የሚለውንም ሰማ። ሾፌሮቹ ወሬያቸውን ትተው ወደ እሱ ዞረዋል። ሰሀር አታየውም፤ አትለምነውም።

“ሕሩይ? ትሰማኛለህ?”

“እሰማዎታለሁ።”

ስልኩን ከጆሮው አወረደ። በረጠበ ጣቱ ድምፅ ማጉያውን ሦስት ጊዜ ነክቶ በአራተኛው ከፈተው።

“ወይዘሮ አረጋሽ፣ ጥያቄዎን ይድገሙልኝ። እዚህ ያሉት ሰዎችም ይስሙት።”

“ምን ሆነሃል አንተ? ፍሬኑን የረገጠችው ተማሪዋ ናት ወይ ነው የምልህ!”

ሕሩይ ጋቢውን አውልቆ ሰሀር ትከሻ ላይ ጣለና ተነሥቶ ቆመ።

“እሷማ እንጠብቅ ነበር ያለችኝ” አለ። “የረገጥኩት እኔ ነኝ።”