አውራ ጣት የሌለበት ፎቶ

«እማ፣ አውራ ጣትሽ የት ሄደ?»

ሰብሌ በእናቷ ስልክ ከወንድሟ የገባውን ጥያቄ ደጋግማ አነበበችው። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ደጎሎ መንገድ ያወራሉ። እናቷ የኔአለም ካረፈች ዛሬ፣ ሐሙስ፣ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጂዳ ያለው ወንድሟ አለኸኝ ግን አልሰማም።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» ብለው ነበር አጎቷ አያ ካሳ። «ልጁ የሚሠራው ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ዓርብ ሥራ የለውም፤ ያገሩ ልጆች በማለዳ ሄደው ያረዱታል። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

ችግሩ፣ የኔአለም በየማለዳው ለልጇ የአበባ ፎቶ ትልክ ነበር። እንዳይጠረጥር ብላ ሰብሌ ትናንትም ዛሬም በእናቷ ስልክ ላከችለት። ያነሳችው የኔአለም በሞተችበት ጠዋት የቆረጠችውን ካርኔሽን ነው። አበባው እስካሁን ጠርሙስ ውስጥ እንደቆመ ነው። ሰብሌ ውኃውን ቀይራለታለች፤ ለቀስተኛ ያመጣውንም ሙዝ አርቃለታለች።

የኔአለም በወጣትነቷ ሰበታ አካባቢ አበባ እርሻ ተቀጥራ ነበር። ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ይዛ የመጣችው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ለተከላ የሚሆን የካርኔሽን ቁራጭ ነው። ከዚያ ወዲህ እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ሲድር ከእሷ ጓሮ አበባ ሳይወስድ ቀርቶ አያውቅም። ያኔ ጀምበር ሳትወጣ ትንሿን ሰብሌን ቀስቅሳ እያስከተለች ታስተምራት ነበር።

«እምቡጡን ከሥሩ ጫን አድርጊው። ጠንከር ካለ ይሰነብታል፤ ከላላ የዛሬ ብቻ ነው። ውኃ የሚነካውን ቅጠል አራግፊ። ሙዝ አጠገቡ እንዳታስቀምጪ፤ ሙዝ ይቀናል።»

ሰብሌ ሆላንድ ድረስ ሄዳ ስለ አበባ አራት ዓመት ተማረች። አበባ የሚያጠወልገውን፣ ሙዝ የሚለቀውን ጋዝ ስም አውቃ ለእናቷ በስልክ ብታስረዳት፣ «ታዲያ ያው ቅናት ነዋ!» ነበር መልሷ። ያን ሁሉ መንገድ ምን ፍለጋ እንደሄደች፣ ለምንስ እንደተመለሰች፣ ሰብሌ ዛሬም አልገባትም።

እናቷ ያነሳችውን ፎቶ ሁሉ ጥጉ ላይ አውራ ጣቷ ጋርዶታል። አለኸኝ «አበባውን ነው ጣትሽን የምትልኪልኝ?» እያለ ይስቅባት ነበር። ሰብሌ ግን ጥርት አድርጋ አነሳችው።

አሁን አውራ ጣቷን ጥግ ላይ ደቅና እንደገና አነሳች።

«ምን እያረግሽ ነው?» ጎረቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከኋላዋ መጡ።

«ነገ ዓርብ ነው፣ እትዬ። አንድ ቀን ብቻ...»

ስልኩን ተቀብለው አዩት። «ወላሂ አንቺ ልጅ! ይሄ ጣት አፈር ነክቶ ያውቃል? እንኳን ከማህፀኗ የወጣው፣ እኔስ መች እታለላለሁ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የተማርሽው አንቺ።» ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። «የኔአለም ግን ነገ የሚረግፈውን፣ ይሰነብታል ብላ ለሰው ሰጥታ አታውቅም።»

ሰብሌ ፎቶውን አጠፋችው።

ወንድሟ ከሥራ እስኪወጣ ጠበቀችና ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ለሚኖረው ለወረኢሉው ልጅ ለረመዳን ደወለች።

«ከፎቁ ወርዷል?»

«ወርዷል፤ እዚሁ አጠገቤ ነው።»

«ዛሬ አትለየው፣ በናትህ።»

ረመዳን ነገሩ ገብቶታል። «አብሽሪ፣ አልለየውም።»

ከዚያ በገዛ ስልኳ ጻፈች። «አለኸኝ፣ እማ ማክሰኞ ጠዋት አርፋለች። ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

መልእክቱ መነበቡን አየች። መልስ ግን ያን ዕለት አልመጣም፤ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲህ አልመጣም።

ያን ዕለት ሳሎን ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። አዲስ የገባች ለቀስተኛ አጠገቧ ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል፣ ሰብሌ ሳታስበው፣ ለአለኸኝ ቦታ እንደምትይዝለት ሁሉ፣ ነጠላዋን ባዶው ፍራሽ ላይ ዘረጋች።